የጠፋው ዘውድና የግምጃ ቤቱ መዝገብ

(በራዲዮ የተነገረ)



ወርቅ አይዝግም፤ አይነቅዝም። ነገር ግን እሳት ያቀልጠዋልና፥ ከወርቅ የተሠራው ጥበብ ዕድሜው ከወርቁ ያጠረ ነው። የእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በታላላቅ በዓላት ይጭነው የነበረው የወርቅ ዘውድ፥ 344 የከበሩ ድንጋዮችና ሉሎች የተፈረጡበት፥ የቅዱሳን ነገሥታትም ትንንሽ ምስሎች ያሉበት ነበር። ልጆቹም በየተራቸው ወረሱት።

በ1649 ግን ፓርላማው ንጉሥ ቻርልስ 1ኛን ድል ነሥቶ በሞት ከቀጣ በኋላ፥ የንጉሥነት ምልክት የሆነው ዕቃ ሁሉ እንዲሰባበር አዘዘ። የዘውዱ ፈርጥ እየተነቀለ ተሸጠ፤ ወርቁም ቀልጦ ገንዘብ ተሠራበት። ትናንት በንጉሥ ራስ ላይ ያበራ የነበረው ወርቅ የገበያ መለወጫ ሆነ። በ1661 ለንጉሥ ቻርልስ 2ኛ አዲስ ዘውድ ቢሠራም፥ የሄንሪ ዘውድ ጠፍቶ ቀረ።

ይሁን እንጂ በ2012 ሃሪ ኮሊንስ የተባለ የዘመናችን አንጥረኛ፥ የጥንቱን የአሠራር ዘዴ ተከትሎ ያንን ዘውድ እንደ ገና ሠራው፤ በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥትም ለሕዝብ ታየ።

ዐይን ያላየውን እጅ እንዴት ሊሠራው ቻለ? ምስክሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዳንኤል ማይተንስ በ1631 የሣለው የንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ሥዕል ነው፤ ዘውዱ በንጉሡ አጠገብ ተቀምጦ ይታይበታል። ሁለተኛው በ1521 የተጻፈው የግምጃ ቤት መዝገብ ነው፤ ጸሐፊው በዙሪያው ስንት ፈርጥ፥ በመስቀሉ ላይ ስንት ሉል እንዳለ ለይቶ ቈጥሮታል። ሠዓሊው መልኩን አቈየ፤ ጸሐፊው ቍጥሩን።

እርግጥ አዲሱ ዘውድ የቀድሞው አይደለም፤ አንድም ንጉሥ አልጫነውም። የጠፋውን ያሳስባል እንጂ አይተካውም። ስለዚህም የሚበልጠው ብልህነት ዕቃው ሳይጠፋ መጠበቅ ነው።

በአክሱም ጽዮን ዕቃ ቤት ነገሥታቶቻችን የሰጡአቸው ዘውዶች እንዳሉ ታውቃላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ንብረት የምትረከቡና የምታስረክቡ ወገኖቻችን ሆይ፤ «አንድ ዘውድ» ብሎ መጻፍ ለፊርማ ይበቃ ይሆናል፤ ለትውልድ ግን አይበቃም። የ1521ዱ ጸሐፊ የዕለት ሥራውን በትጋት ሠራ፤ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ለአንጥረኛው መሪ የሆነው ያ ትጋት ነው።