ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ሬዲዮ ሲሳሳት ለማን ነው አቤት የሚባለው?

በደቡብ ጎንደር ደጋ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ገጠር ከሆናችሁ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልካችሁን ይዛችሁ ጉብታ ትወጣላችሁ። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ስልኩን አጥፍታችሁ ታበራላችሁ፣ ሲሙን አውጥታችሁ ትመልሳላችሁ፣ አልሆን ሲል ደንበኞች አገልግሎት ትደውላላችሁ። ከዚያ በኋላስ? "ተውት፣ ማን ይሰማናል!" ነው መጨረሻው።

እኛም እንደዚያው ነበርን። ከመካከላችን አንዱ የወር ጥቅል ገዝቶ በ11ኛው ቀን "ዳታዎ አልቋል" የሚል መልእክት መጣለት። ሦስት ጊዜ ደወለ፣ ሦስት የተለያየ መልስ ተሰጠው፣ በመጨረሻ ሌላ ጥቅል ገዝቶ ዝም አለ። ከድርጅቱ በላይ የሚጠየቅ አካል መኖሩን የሰማነው በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ለዚህ ነው፦ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ፣ የማንም የማይመስለው ጉዳይ ደግሞ የቱ እንደሆነ በአንድ ቦታ እንድታገኙት።

ተቆጣጣሪ ማለት ምን ማለት ነው?

የኳስ ዳኛን አስቡ። ዳኛ ጎል አያገባም፣ ማሊያ አይሸጥም። ሥራው ጨዋታው በሕግ እንዲሄድ ማድረግ፣ ጥፋት ሲያይ ማፏጨት፣ ሲብስ ካርድ ማውጣት ነው። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እንደዚሁ ነው። የኔትወርክ ማማ አይተክልም፣ የሞባይል ካርድ አይሸጥም፣ ዜና አያነብም። ፈቃድ ይሰጣል፣ መመሪያ ያወጣል፣ ይከታተላል፣ ይቀጣል፣ አቤቱታ ይሰማል።

ለምን አስፈለገ? አንደኛው ምክንያት ሞገድ ነው። ኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚሠራው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። በአንድ አካባቢ ሁለት ጣቢያ በአንድ ሞገድ ላይ ቢለቁ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አዝማሪ የተለያየ ዘፈን እንደ መዝፈን ነው፤ የሚሰማ አይኖርም። የሞባይል ኔትወርክም የሚሄደው በሞገድ ነው። ስለዚህ የሚያከፋፍል አንድ አካል ግድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጉልበት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ደንበኛ ያለው ድርጅትና ስማዳ ያለ አንድ ገበሬ እኩል አይከራከሩም፤ መሀል የሚገባ ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ፣ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ ስልኩንም ብሮድካስቱንም የሚቆጣጠረው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። በእኛ አገር ግን ሁለት ናቸው። ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

አንደኛው፦ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን

ይኼ የስልኩና የኢንተርኔቱ ዳኛ ነው። የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲሆን ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ከአጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ስልክ የመንግሥት ብቻ ሆኖ ስለኖረ፣ ገበያው ለሌላ ተጫዋች ሲከፈት ዳኛ ማስፈለጉ አልቀረም። በ2013 ዓ.ም ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በ09 የሚጀምር ቁጥርና በ07 የሚጀምር ቁጥር በአንድ ገበያ አሉ።

የዚህ ባለሥልጣን ዋና ዋና ሥራዎች እነዚህ ናቸው፦

- ለቴሌኮም ድርጅቶች ፈቃድ መስጠት፣ በፈቃዱ ላይ የተጻፈውን የሽፋን ግዴታ መከታተል፤
- የአገሪቱን ሞገድና የስልክ ቁጥሮች ማስተዳደር፤
- ከ09 ወደ 07፣ ከ07 ወደ 09 መደወል እንዲቻል ድርጅቶቹን በሕግ ማገናኘት፣ ማማ እንዲጋሩ ማድረግ፤
- የአገልግሎት ጥራትንና ታሪፍን መከታተል፤
- የደንበኞችን መብት ማስከበርና አቤቱታ መስማት፤
- በ2016 ዓ.ም በወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ መሠረት የግል መረጃችሁ ያለ ፈቃዳችሁ እንዳይወሰድ መጠበቅ።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ በጣም የሚጠቅም አንድ ነገር አዋጁ ውስጥ አለ፦ የሁለንተናዊ ተደራሽነት ፈንድ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከሱ ወዲያና ወዲህ ያለው ገደል፣ ሸለቆና ተረተር የኔትወርክ ሞገድን ይጋርዳል። ከሸለቆ ሥር ላለ አንድ ቀበሌ ማማ ለመትከል መንገድ ያስፈልጋል፣ መብራት ያስፈልጋል፣ መብራት ከሌለ ጄኔሬተር ወይም ሶላር ያስፈልጋል። እዚያ ያለው ሰው በወር የሚሞላው ካርድ ይህን ወጪ አይመልስም። ትርፍ የሚያሰላ ድርጅት በራሱ ፈቃድ አይሄድም። ፈንዱ የታሰበው ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ነው። ስለዚህ የታች ጋይንት ወይም የእስቴ ገጠር ነዋሪ "ኔትወርክ ይግባልን" ሲል ልመና አይደለም፤ በሕግ የታወቀ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው፦ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን

ይኼኛው የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥን፣ የጋዜጣና የኦንላይን ሚዲያ ተቆጣጣሪ ነው። ድሮ "ብሮድካስት ባለሥልጣን" የምንለው ነው። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለብሮድካስት ጣቢያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ጣቢያዎቹም የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ተብለው ይከፈላሉ። ጋዜጣና የኦንላይን ሚዲያ ደግሞ በምዝገባ ይሠራሉ። ጣቢያዎች የሥነ ምግባር ደንብ መጠበቃቸውን፣ በምርጫ ጊዜ ለፓርቲዎች የአየር ሰዓት በአግባቡ መስጠታቸውን ይከታተላል። ሲያጠፉ ያስጠነቅቃል፣ ፈቃድ እስከ ማገድ ይደርሳል።

ጉልበቱ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 2013 ዓ.ም የአዲስ ስታንዳርድን ፈቃድ አግዶ ከቀናት በኋላ መልሶለታል። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ ምክር ቤቱ የሚዲያ አዋጁን አሻሻለ። በፊት ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣን የቦርዱ ነበር፤ በማሻሻያው ወደ ባለሥልጣኑ ተዛወረ። የመብት ድርጅቶች "ይኼ የባለሥልጣኑን ነፃነት ይቀንሳል" ብለው ተቃውመዋል።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የምትጽፉስ? በ2012 ዓ.ም የወጣው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ይመለከታችኋል። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት እስር ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም 100 ሺህ ብር ይደርሳል። ልብ በሉ፦ የሚቀጣው ፍርድ ቤት ነው። የተቆጣጣሪው ድርሻ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ግዴታቸውን መወጣታቸውን መከታተል ነው።

የትኛው ጉዳይ ለማን?

- ኔትወርክ ጠፋ፣ ጥቅል ያለ አግባብ ተቆረጠ፣ ሲም ተዘጋ፦ መጀመሪያ ለድርጅቱ (ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም 700)። ካልፈቱላችሁ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን።
- ሬዲዮ ወይም ቲቪ ስማችሁን አጠፋ፣ የተሳሳተ ዘገባ ሠራ፦ መጀመሪያ ለጣቢያው። መልስ የመስጠት መብት በሕግ አላችሁ። እምቢ ካለ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን።
- በቴሌብር ወይም በኤም ፔሳ የተላከ ብር ጠፋ፦ መጀመሪያ ለድርጅቱ። ካልሆነ ለብሔራዊ ባንክ፤ የሞባይል ገንዘብ ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው።
- መሥሪያ ቤቱ ራሱ አጉላላችሁ፦ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም።

ኢንተርኔት ሲዘጋስ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በከተሞች ቀስ በቀስ እስኪመለስ ብዙ ወራት ፈጀ። ያን ጊዜ የኖረ ሰው አይረሳውም። ውጭ አገር ካለ ወንድሙ ጋር በቴሌግራም የሚገናኝ ሰው ድምፁን አጣ። ተማሪ ውጤቱን ለማየት ክልል ውጭ ያለ ዘመድ ለመነ። ስልክ በሚሠራበት ቦታ ቴሌብርን ያለ ኢንተርኔት በ*127# የሚጠቀም ተጠቀመ፤ የስልክ ጥሪውም በተቋረጠበት ቦታ ግን እሱም አልነበረም።

ይኼ ተራ የኔትወርክ ብልሽት አይደለም፤ 994 ደውሎ የሚፈታም አይደለም። ለምን እንደተዘጋ፣ በየትኛው ሕግ እንደተዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያስረዳ ማስታወቂያ ከዳኛው ሲወጣ እኛ አላየንም። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ያረጋግጣል። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም በ2016 እ.ኤ.አ መንግሥታት ኢንተርኔት መዝጋታቸው እንደሚያሳስበው በውሳኔው ገልጿል። በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ የኢኮዋስ ፍርድ ቤት የቶጎ መንግሥት በ2017 እ.ኤ.አ ኢንተርኔት መዝጋቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ በ2020 ፈርዷል። ያ ፍርድ እኛን አያስገድድም። ጥያቄው በፍርድ ቤት ሊመለስ እንደሚችል ግን ያሳያል።

ዳኛው የማን ነው?

ኢትዮ ቴሌኮም በአብዛኛው የመንግሥት ነው። ዳኛውም ተጠሪነቱ ለመንግሥት ነው። አንዱ ተጫዋችና ዳኛው ከአንድ ቤት ሲወጡ ተመልካች መጠርጠሩ አይቀርም። ይኼ በእኛ አገር ብቻ ያለ ችግር አይደለም። በኬንያ ተቆጣጣሪው በጥር 2018 እ.ኤ.አ ሦስት ትልልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን አጥፍቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በቀናት ውስጥ እርምጃውን አገደ። ስለዚህ ጥሩ ዳኛ ከፈለግን ዳኛውን የሚያርም ፍርድ ቤት፣ የሚጠይቅ ምክር ቤት፣ አቤት የሚል ሕዝብም ያስፈልጋል።

በፌዴራል ደረጃ ለዚህ የሚሆን ሕግ አለ። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል፤ ውሳኔያቸውን በፍርድ ቤት መቃወም እንደሚቻልም ይደነግጋል።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

1. ስትደውሉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የአቤቱታ ቁጥሩን ጻፉ። ቁጥር ካልሰጧችሁ ጠይቁ።
2. የጥቅል ግዢውን መልእክት አታጥፉ፤ ስክሪንሾት አድርጉ።
3. የኔትወርክ ችግር ከሆነ ቀበሌውንና ጎጡን በስም ጥቀሱ። "ደቡብ ጎንደር ኔትወርክ የለም" ከሚል አቤቱታ "ፋርታ ወረዳ፣ እንዲህ የሚባል ቀበሌ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ" የሚለው ይበልጣል።
4. የቀበሌ ጉዳይ ከሆነ በጋራ ፈርማችሁ አቅርቡ። የ200 ሰው ፊርማ ያለው ደብዳቤ እንደ አንድ ሰው ስልክ ጥሪ በቀላሉ አይታለፍም።
5. ድርጅቱ ካልመለሰ ያንኑ ይዛችሁ ወደ ተቆጣጣሪው ሂዱ። መጀመሪያ ድርጅቱን ሳትጠይቁ ብትሄዱ ይመልሷችኋል።

ያ የወር ጥቅሉ በ11 ቀን ያለቀበት ባልደረባችን ስክሪንሾቱን አጥፍቶት ነበር፤ የአቤቱታ ቁጥርም አልያዘም። ዛሬ አቤት ልበል ቢል የሚያሳየው የለውም። እናንተ እንደሱ አትሁኑ። ጉብታ ላይ ወጥቶ ኔትወርክ ለሚፈልግ ዘመዳችሁም ሲደርሰው እንዲያነበው ይህን አጋሩለት።