ባለቤቱን ያጣ ስም

ልጆቼ ሆይ፤ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ከመቃብር በላይ የዋለ ስም በማን እጅ እንደሚወድቅ ተረቱ አይነግረንም። ይህን የሚያስረዳ የአንድ ራዲዮ ፋብሪካ ታሪክ አለ።

በልጅነቴ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በነበረው ቤታችን አንድ ግሩንዲግ ራዲዮ ነበር። እናቴ በጥልፍ ልብስ ትሸፍነዋለች፤ ከአባቴም በቀር የሚነካው አልነበረም። ማታ ሲከፈት የውስጥ አምፖሎቹ እስኪሞቁ ዝም ብለን እንጠብቃለን። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ድምፅ ቤቱን ሲሞላው ጎረቤቶች ከደጃፍ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

የፋብሪካው መሥራች ማክስ ግሩንዲግ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 በጀርመን አገር፣ በፉርት ከተማ ትንሽ የራዲዮ ሱቅ ከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለ ፈቃድ ራዲዮ መግዛት ስላልተቻለ፣ በ1946 አንድ ዘዴ ፈጠረ፤ ይኸውም አምፖል የሌለውን ራዲዮ በየክፍሉ ፈታትቶ እንደ ልጆች መጫወቻ መሸጥ ነው። ገዢው ራሱ ይገጣጥመዋል፤ አምፖሉንም ከሌላ ቦታ ፈልጎ ይጨምርበታል። ከዚህ ትንሽ ጅምር ተነሥቶ በ1950ዎቹ ከአውሮፓ ታላላቅ የራዲዮ ፋብሪካዎች አንዱ ሆነ። በ1979 ወደ 38,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት።

ውድቀቱ ግን ከዚያው ዓመት ወዲያ ተፋጠነ። ከፊሊፕስ ጋር ሆኖ ቪዲዮ 2000 የተባለ የምስል መቅጃ አወጣ። ካሴቱ በሁለት ፊት የሚገለበጥ፣ ባለሙያዎች ያመሰገኑት ሥራ ነበር። ሆኖም የጃፓኖቹ ቪ.ኤች.ኤስ. ቀድሞ ገበያውን ይዞ፣ ፊልሞችም በእርሱ ተቀድተው ስለ ነበር ሰው ወደ እርሱ ሄደ። ዋጋቸው የረከሰ የእስያ ራዲዮኖችና ቴሌቪዥኖችም ገበያውን አጥለቀለቁት። በ1984 ፊሊፕስ አመራሩን ሲረከብ መሥራቹ ከሥራው ወጣ። ፋብሪካው በ2003 ከሰረ፤ ስሙም ተሸጦ በመጨረሻ የአንድ የቱርክ ኩባንያ ንብረት ሆነ። ዛሬ ያ ስም በልብስ ማጠቢያና በማቀዝቀዣ ላይ ይነበባል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም፤ ዕቃውም መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ገበያ የትናንቱን ምስጋና ለዛሬ ዕዳ አይቀበልም።

በሌላው ከመፍረድ በፊት ስለ ራሴ ልናገር። በመምህርነቴ «ጎበዝ» የሚል ስም ካገኘሁ በኋላ፣ ወረቀቱ ቢጫ እስኪሆን ድረስ በአንድ ማስታወሻ ለብዙ ዓመታት አስተማርሁ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ በአዲስ መጽሐፍ ያየችውን ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁ። ተማሪዎቹ በአክብሮት ዝም አሉ፤ ያ ዝምታ ከስድብ ይልቅ አሳመመኝ። በዚያ ምሽት ማስታወሻውን ትቼ እንደ ተማሪ መጽሐፍ ገለጥሁ።

እናንተም መልካም ስም ስታገኙ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን አትደገፉበት። ስም የሠራነውን ይመሰክርልናል እንጂ ያልሠራነውን አይሠራልንም።