ለጦር የተሠራው ጎዳና፤ የወልድያና የመርሳ መንገደኛ ታሪክ

የመኪናን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከቤተ መንግሥት ይጀምራሉ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተቀመጡበት። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የወልድያ፤ የመርሳና የሀብሩ ሰው ከመኪና ጋራ የተዋወቀው በሌላ በር ነው።

በቀድሞው ዘመን በየጁ ምድር መንገደኛ ማለት እግረኛ ማለት ነበረ። ባለጸጋው በበቅሎ ተቀምጦ አሽከሩ ከኋላው ይሮጣል፤ ነጋዴው አሞሌውን በአጋሰስ ጭኖ፤ ሽፍታ ስለሚያሠጋው፤ ከባልንጀሮቹ ጋራ ይጓዛል። ከወልድያ እስከ ደሴ ያለው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የብዙ ቀን ድካም ነበረ።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ከተደረገ በኋላ የኢጣልያ ጦር ወደ ደቡብ ገፍቶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያዘ። ከዚያም ጠላት ከአሥመራ ተነሥቶ በቆቦ፤ በወልድያ፤ በመርሳና በውጫሌ አድርጎ ደሴና አዲስ አበባ የሚደርሰውን ጎዳና ሠራ። ያሰበው መድፍና ስንቅ ለማመላለስ እንጂ ገበሬውን ገበያ ለማድረስ አልነበረም። ሆኖም ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲሄድ ጎዳናው ለባላገሩ ቀረ፤ ካሚዮኖቹም ቀሩ። ትሬንታ ኳትሮ የተባለው ትልቁ የፊያት ካሚዮን ስሙ በሕዝብ አፍ ላይ ለብዙ ዘመን ኖረ። በአዲስ አበባ በ1935 ዓ.ም. የአንበሳ አውቶቡስ ሥራ የጀመረው ከኢጣልያኖች በቀሩት መኪናዎች ነው። በባላገር ግን የጭነቱ ካሚዮን ራሱ የሕዝብ ማመላለሻ ሆነ፤ መንገደኛው ከእህሉ ጆንያ በላይ ተቀምጦ ሄደ።

በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር ከሞተሩ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በቅሎ የምትሸከመው አንድ ጌታ ነበረ፤ ካሚዮኑ ግን ቄሱንና ሼኁን፤ ባለ ርስቱንና ጭሰኛውን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ደረጃ ፈጽሞ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከበቅሎ ወርዶ ወደ ጋቢና ገባ እንጂ። የተከበረ ሰው ሲመጣ የጋቢናው ተሳፋሪ ተነሥቶ ይለቅለታል።

የጎዳናው ከባዱ ትዝታ የ1965 ዓ.ም. ረኀብ ነው። የወሎ ገበሬ ከብቱ አልቆ፤ ልጆቹን ይዞ ከአስፋልቱ ዳር ወጣ፤ የሚያልፈውን አውቶቡስና የቤት መኪና እያስቆመ እንጀራ ለመነ። መንግሥቱ ረኀቡን ሲሸሽግ የተሸሸገውን ሁሉ መንገደኛው በመስኮት ያይ ነበረ። በግብረ ሐዋርያት የተጻፈው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በራሱ ሠረገላ የሚሄድ ባለ ሥልጣን ሳለ እግረኛውን ፊልጶስን ወደ ላይ አውጥቶ ከጎኑ አስቀመጠው። በዚያ ዓመት በዚያ ጎዳና ካለፉት ባለ መኪናዎች ስንቱ ይህን ቃል በቅዳሴ ሰምቶት ይሆን?

በደርግ ዘመን አውቶቡሶች በቀጠና ተደልድለው በተራ ይጭኑ ጀመር። ቻይኖች ከወረታ እስከ ወልድያ የሠሩት መንገድ ሲከፈትም ወልድያ የመስቀለኛ መንገድ ከተማ ሆነች፤ የልደትን በዓል በላሊበላ ሊያከብር ከደሴና ከአዲስ አበባ የሚመጣው ምእመንም በመኪና በእርስዋ በኩል ያልፋል።

የግል መኪና ዛሬም በዚህ አገር የጥቂቶች ንብረት ነው። በከተማው ውስጥ የሚሯሯጠው ባጃጅ ግን ሁለቱንም ጠባይ ይዟል፤ በሰው ልክ ሲጭን የሁሉ ነው፤ አንዱ «ኮንትራት» ብሎ ሲይዘው ደግሞ ለዚያች ሰዓት የአንድ ጌታ በቅሎ ይሆናል። ልዩነቱ ቀላል የሚመስለው በሰላም ቀን ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ተይዛ ሳለች አውቶቡሱ ቆመ፤ ብዙ ቤተ ሰብም አያቶቹ በሄዱበት አኳኋን፤ በእግሩ፤ ወደ ደሴ ተሰደደ።

በ2007 ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ በወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ተጀምሮ ነበረ፤ ጦርነቱ ሥራውን አቋረጠው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ፤ ነገሩ በአዲስ አበባ ብዙ አነጋገረ። የሀብሩ ገበሬ ግን ከመርሳ ወደ ወልድያ ለመሄድ መናኸሪያ ቆሞ መኪናው እስኪሞላ ይጠብቃል።