የወንዝ ነፍሳት ናሙና አወሳሰድ

የወንዝ ነፍሳት ናሙና አወሳሰድ በወራጅ ውኃ ውስጥ በድንጋይ፣ በጠጠርና በቅጠል ሥር የሚኖሩ ነፍሳትን ሰብስቦ፣ ለይቶና ቆጥሮ የወንዙን ጤና የመመርመሪያ ዘዴ ነው። የኬሚካል ምርመራ የሚያሳየው ውኃው በተቀዳበት ሰዓት የነበረውን ይዞታ ነው። ነፍሳቱ ግን ለሳምንታትና ለወራት እዚያው ስለሚኖሩ የሰነበተውንም ብክለት ይመሰክራሉ።

ወቅት

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ትራውት የተባለው ዓሣ በሚኖርባቸው ጅረቶች ናሙና በብርዱ ወራት፣ በእነሱ ክረምትም ይወሰዳል፤ በፀደይ ክንፍ አውጥተው የሚበሩት እጮች ያን ጊዜ አድገው ገና ውኃ ውስጥ ስለሚገኙ ለመለየት ይቀላሉ። የኢትዮጵያ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው። ጎርፉ ድንጋዩን እያንከባለለ ነፍሳቱን ጠርጎ ይወስዳል፤ በሞላ ወንዝ ውስጥ መቆምም ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ናሙና የሚወሰደው ውኃው ከጠራ በኋላ፣ በበጋ ነው። በልግ በሚዘንብባቸው እንደ ምዕራብ ሐረርጌው ጨርጨር ባሉ ደጋዎች ሥራው ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

አወሳሰድ

ሰብሳቢው ቦቲ ጫማ አድርጎ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ መረብ አፉን ወደ ወንዙ ራስጌ አዙሮ ይተክልና ከመረቡ ፊት ያለውን ጠጠር በእግሩ ያምሳል፤ የተነቀሉትን ነፍሳት ውኃው ራሱ ወደ መረቡ ያስገባቸዋል። በሰፊው የሚሠራበት ስልት 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ 20 ቦታዎች፣ በድምሩ ከ1.25 ካሬ ሜትር፣ መሰብሰብ ነው። የተገኘው በነጭ ትሪ ላይ በወረንጦ ተለቅሞ በአልኮል ይቀመጣል። ቦታውና ቀኑ በእርሳስ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።

ነፍሳቱ

ከፈጣን ውኃ አንድ ድንጋይ ቢገለበጥ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ የተለጠፈ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ክር መሳይ ጅራት ያለው፣ በሆዱ ግራና ቀኝ ስንጥቦቹን የሚያርገበግብ እጭ ሊታይ ይችላል፤ ይህ የኤፌሜሮፕቴራ ወገን ነው። ትሪኮፕቴራ የተባለው ወገን ከአሸዋ ቤት ይሠራል፣ ወይም ምግብ የሚያጠምድበት መረብ ይፈትላል። ባለ ሁለት ጅራቱ ፕሌኮፕቴራ ኦክስጅን የሞላበት ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል። በሄሞግሎቢን የቀላው የኪሮኖሚዴ እጭ ግን ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃም ይኖራል። ጥቂት ቀይ እጭ መገኘቱ ብቻውን ብክለትን አያረጋግጥም፤ ሌሎቹ ጠፍተው እሱ ሲበዛ ነው ሊያሳስብ የሚገባው።

ጥናት በኢትዮጵያ

ተመራማሪዎቹ ሃሪሰንና ሃይንስ በኢትዮጵያ ተራራማ ወንዞች ወለል ላይ ስለሚኖሩ እንስሳት ያጠኑትን በ1988 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. አስቻለው ላቀውና ኦቶ ሞግ ለመካከለኛውና ለደቡብ ምሥራቅ ደጋዎች ወንዞች በእነዚህ ፍጥረታት ላይ የተመሠረተ መመዘኛ አቅርበዋል።

በምዕራብ ሐረርጌ

የጨርጨር ተራሮች ውኃውን ለሁለት ይከፍሉታል፤ የሰሜኑ ወደ አዋሽ፣ የደቡቡ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል። በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ አካባቢ ለሚደረግ ምርመራ ከከተማ በላይና በታች ያሉ ሁለት ቦታዎች በአንድ ቀን ሊነጻጸሩ ይገባል። የልብስ እጥበትና የከተማ ፍሳሽ የሚያደርሱት ጉዳት የሚታየው በዚህ ንጽጽር ነው። በበጋ የሚደርቅ የቆላ ወንዝ ግን ነፍሳት ቢያጣ ተበክሏል ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም፤ መመዘን ያለበት እንደሱ ከሚደርቅ ንጹሕ ወንዝ ጋር ነው።