ጢስ የሌለው ትምባሆና የህንድ አገር ሴቶች

ትምባሆን ወደ ህንድ አገር ያገቡት ፖርቱጋሎች ናቸው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) አሳድ ቤግ የተባለ ባለሟል ከቢጃፑር ሲመለስ፥ ትምባሆና በዕንቍ ያጌጠ ማጤሻ ለንጉሠ ነገሥቱ ለአክባር አበረከተ፤ ሐኪሞቹ ግን ያልተፈተነ ነገር ነው ሲሉ ተቃወሙ። የአክባር ልጅ ጃሃንጊርም በ1617 ዓ. ም. የትምባሆን ማጤስ ከለከለ። ይህ የቤተ መንግሥት ታሪክ የወንዶችና የጢስ ታሪክ ነው፤ የሴቶቹ ታሪክ የሚገኘው ግን በሚላመጠውና በድድ ላይ በሚታሸው ትምባሆ ዘንድ ነው።

ትምባሆ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የአገሩ ሰው የአሬካን ፍሬና ኖራን በቤቴል ቅጠል ጠቅልሎ ያላምጥ ነበር። ይህም ጥቅል ፓን ይባላል። ፓን ለእንግዳ ይቀርባል፤ ከሠርግ ሥርዐት አይታጣም፤ ከንፈርን ማቅላቱም ለሴት እንደ ውበት ይቈጠርላት ነበር። ትምባሆ በመጣ ጊዜ በዚሁ በተከበረው ጥቅል ውስጥ ገባና የፓንን ክብር አብሮ ወረሰ።

በማሃራሽትራ አውራጃ ደግሞ ሴቶች ትምባሆውን በጋለ የብረት ምጣድ ላይ እስኪጠቍር ድረስ ቈልተው ይፈጩታል። ሚሽሪ የተባለውን ይህን ዱቄት ጥርስ ያጠራል፥ የጥርስ ሕመምም ያስታግሣል በማለት በጣታቸው ድዳቸውን ያሹበታል። ለጥርስ ማጽጃነት የተጀመረው ነገር ውሎ አድሮ በቀን ብዙ ጊዜ የማይተዉት ሱስ ይሆናል። በአደባባይ የምታጤስ ሴት ትነቀፋለች፤ ሚሽሪ የምታሽ ወይም ፓን የምታላምጥ ግን የሚነቅፋት የለም። ይህ ልዩነት በቍጥርም ታይቷል። በ2016 እና በ2017 ዓ. ም. በተደረገው የህንድ አገር ምርመራ፥ ለአካለ መጠን ከደረሱት ሴቶች የሚያጤሱት ከመቶ 2 ብቻ ሲሆኑ ጢስ የሌለውን ትምባሆ የሚወስዱት ከመቶ 12.8 ነበሩ። በጎረቤት አገር በባንግላዴሽም በ2017 ዓ. ም. በዚህ ልማድ ሴቶቹ ከወንዶቹ በልጠው ተገኝተዋል፤ ሴቶቹ ከመቶ 24.8፥ ወንዶቹ ከመቶ 16.2 ነበሩ።

ጕዳቱ ዘግይቶ ታወቀ። በ1952 ዓ. ም. ሽዋርትስ የተባለ ሐኪም በኬንያ በሚኖሩ አምስት የህንድ ሴቶች ላይ ያየውን የአፍ በሽታ ገለጠ። በዚህ በሽታ የአፍ ውስጠኛው ሥጋ ይደርቃል፤ በርበሬ ያለበት ምግብ ያቃጥላል፤ አፍም እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ለጕርሻ እንኳ አልከፈት ይላል። ዋናው ምክንያት የአሬካ ፍሬ መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ። ለቤተ ሰቡ ወጥ የምትሠራ ሴት የሠራችውን ለመቅመስ የተሳናት እንደ ሆነ ከማዕድም ከጨዋታም ትለያለች። በ1985 ዓ. ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ትምባሆ ያለበት ፓን በሰው ላይ ነቀርሳ እንደሚያመጣ አስታወቀ። በ2004 ዓ. ም. የታተመ፥ በሙምባይ በ1217 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናትም፥ በእርግዝናቸው ጊዜ ይህን ትምባሆ የወሰዱ እናቶች ልጆች በአማካይ 105 ግራም ቀለው እንደሚወለዱ አሳይቷል።

መንግሥቱም ዝም አላለም። በ1992 ዓ. ም. ትምባሆ በጥርስ ሳሙናና በጥርስ ዱቄት ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ። በ2012 ዓ. ም. ማድያ ፕራዴሽ፥ ተከትለውም ሌሎች ክፍላተ አገር፥ ጉትካ የተባለውን በትንንሽ ከረጢት የታሸገ የትምባሆና የአሬካ ድብልቅ እንዳይሸጥ አገዱ። ነገር ግን ፋብሪካን የሚገዛ ሕግ በጓዳ የተጣደውን ምጣድ ሊቈጣጠር አይችልም። ሚሽሪን እናት ለልጇ፥ አማት ለምራቷ ስታስተላልፈው የኖረችው እንደ መድኃኒት እንጂ እንደ ሱስ አይደለም። እንግዲህ ትምባሆ ወደ ሴቶቹ የገባው በእንግዳ ተቀባይነትና በመድኃኒት ስም ከሆነ፥ ሊወጣ የሚችለውም ሴቶቹ ራሳቸው በጓዳቸው የዚህን ስም ሐሰትነት ለልጆቻቸው ሲነግሩ ነው። ለዚህም የጥርስ ሕመማቸውን በእውነት የሚያክም ሐኪም በአጠገባቸው መገኘት አለበት፤ ያለዚያ ምክሩ ሁሉ ሕመምተኛዋን ያለ መድኃኒት የሚያስቀር ይሆናል።