አለት ውስጥ የተደበቀ ውሃ፦ የስንጥቅ ፍለጋ ስልት

የምዕራብ ወለጋ፣ የቦረናና የሰሜን ትግራይ ሰፋፊ አካባቢዎች የተኙት ከ540 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው ግራናይት፣ ናይስና መሰል አለቶች ላይ ነው። ያልተሰነጠቀ ግራናይት ውሃ የሚያከማችበት ክፍተት የለውም ማለት ይቻላል። ውሃው የሚገኘው አለቱ በተሰነጠቀበት መስመርና ከላዩ በበሰበሰው ንጣፍ ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት በጥቂት ሜትሮች ርቀት ከተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ መንደር ሲያጠጣ ሌላው ደረቅ ሊሆን ይችላል።

በሰፊው የሚሠራበት መፈለጊያ የኤሌክትሪክ ልኬት ነው። ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርገር እ.ኤ.አ. በ1912 ኖርማንዲ ሜዳ ላይ ከሞከረው ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም፤ በሁለት ካስማዎች ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይለቀቃል፣ በሌሎች ሁለት ደግሞ የቮልቴጅ ልዩነት ይለካል። የካስማዎቹ ርቀት ሲሰፋ ልኬቱ ይጠልቃል። ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅም በሚለካበት ኦም ሜትር፣ ደረቅ ግራናይት ብዙ ሺህ ሲያስመዘግብ፣ ውሃ የሞላው ስንጥቅ ቁጥሩን ወደ መቶዎች ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል።

መሣሪያው ግን ውሃ አያይም። የሚለካው አለቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም ብቻ ነው፤ ሸክላ፣ ግራፋይትና ጨዋማ ውሃም ቁጥሩን ያወርዱታል። በሸክላ የተደፈነ ስንጥቅ ማራኪ ልኬት ሰጥቶ ጠብታ ውሃ ላይወጣው ይችላል። ዝቅተኛውን ቁጥር አሳዶ መቆፈር፣ እንግዲህ፣ ጥናት አይባልም።

ሌላው ችግር ከስሌቱ ይመነጫል። አንድ ነጥብ ላይ ወደ ታች የሚደረገው የተለመደው ልኬት መሬቱ እንደ እንጀራ በአግድም የተደራረበ ነው ብሎ ይነሳል። ውሃ የሚያስተላልፉት ስንጥቆች ግን ብዙ ጊዜ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። ስለዚህ በሳተላይት ምስል ላይ የሚታየውን የስንጥቅ መስመር አቋርጦ፣ በርካታ ካስማዎች በአንድ ረድፍ ተተክለው የከርሰ ምድሩን ቁርጥ ምስል ማውጣት ይመረጣል።

ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን ለማነጋገር የተተከሉ ጣቢያዎች የሚያሰራጩት ከ15 እስከ 30 ኪሎኸርትዝ የሚደርስ የሬዲዮ ሞገድም ለዚሁ የስንጥቅ ፍለጋ ያገለግላል፤ ባለሙያው መቀበያውን ይዞ በእግሩ እየሄደ፣ ሞገዱ የሚዛባበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል። የማግኔት ልኬት ደግሞ አለቱን ሰንጥቀው የገቡ፣ ዶለራይት ከሚባል አለት የተሠሩ ግድግዳዎችን ያሳያል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ የውሃውን ጉዞ ገትተው ያቁሩታል።

የጉድጓድ ሥራ የሚያዙ ወረዳዎችና ድርጅቶች ታዲያ ቢያንስ ሁለት ዘዴዎች ሳይስማሙ ቁፋሮ አይፍቀዱ፤ የደረቁትን ጉድጓዶች መዝገብም አይጣሉ፤ የሚቀጥለው ልኬት የሚታረመው በእርሱ ነውና።