የገንደ ቆሬው አሊ

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ አልመች ስላለ መስመሩ በቆላው ታጠፈ፤ በጣቢያው ዙሪያም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ በቀጥታ ጎዳናዎቿ ተሠራች፤ ከወንዙ ማዶ መጋላ ገበያዋን ዘረጋች። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ የመናዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ በአንድ ገበያ ይገናኝ ነበር። የድሬ ልጅ ሦስት አራት ቋንቋ ሲቀላቅል የሚደነቅ እንግዳ ብቻ ነው።

አሊ መሐመድ ሙሳ የተወለደው እዚህ፣ ገንደ ቆሬ ነው። ወላጆቹ ገና ሕፃን ሳለ ተለያዩና ከአባቱ ጋር አደገ፤ ዐረብኛንም በትምህርት ቤት ተማረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ፣ «አፍረን ቀሎ» የተባለውን የወጣቶች የሙዚቃ ቡድን ተቀላቀለ። በመድረክ ላይ የተጫወተው ስለ «ቢራ» (በኦሮምኛ የክረምት ማብቂያ) የሚያወሳ ዘፈን ሕዝቡን ስለማረከ «ቢራ» የሚለው ስም ቀረለት።

አሊ ይጫወተው የነበረው ኡድ በቀይ ባሕር ማዶ ካለው ዓለም ጋር በሚነግዱ ሰዎች እጅ በምሥራቁ አገር የተለመደ መሣሪያ ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር ነው፤ ክሮቹ አብዛኛውን ጊዜ አሥራ አንድ ሲሆኑ አሥሩ ጥንድ ጥንድ፣ አንዱ ነጠላ ነው። ጊታር አንገቱ ላይ ጣት የሚቆምበትን ቦታ የሚለዩ ብረቶች አሉት፤ ኡድ ግን የለውም። ድምፁን የሚያገኘው ጣትና ጆሮ ነው፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መንሸራተትም ይቻላል። የአሊን ቀደምት ዘፈኖች ልብ ብሎ የሰማ ሰው ድምፁም እንደዚሁ ሲንሸራተት ያገኘዋል። ለእኔ የአሊ ትልቅነት ከምንም በላይ እዚህ ላይ ነው።

በዚያን ዘመን በኦሮምኛ መዝፈን ቀላል አልነበረም። አፍረን ቀሎ ሠርግ ላይ እየተጫወተ ሕዝብ ቢወደውም የመንግሥት ሰዎች ግን ጠረጠሩት፤ አባላቱ ታሠሩ፣ ተሰደዱ፣ ቡድኑም ፈረሰ። አሊ ወደ አዲስ አበባ ሄደና ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በነበሩበት በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሠራ። በ1960ዎቹ ሥራዎቹ በሸክላ ታተሙ፤ ከኦሮምኛ ሌላ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በዐረብኛና በስዋሂሊም ዘፍኗል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ከስዊድናዊት ዲፕሎማት ባለቤቱ ጋር ከአገር ወጣ። ከዚያ በኋላ በስዊድን፣ በአሜሪካና በካናዳ የስደት ዘመን ተከተለ። የአውሮፓና የአሜሪካ ሙዚቃ አፍቃሪዎችም «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የሲዲ ተከታታይ 28ኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ ሥራዎቹን አገኙ። አገሩ ተመልሶ ከኖረ በኋላ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ አረፈ፤ የተቀበረውም በትውልድ ከተማው ነው።

ነገር ግን የአፍረን ቀሎ ታሪክ በአሊ ብቻ አያልቅም። አሊ ሸቦንና ሌሎች ጓዶቹንም የማያውቅ ወጣት ብዙ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የቡድኑን የሠርግ ቅጂ፣ ሸክላ፣ ካሴት ወይም ፎቶግራፍ ቤቱ ያስቀመጠ ቤተሰብ ካለ፣ ሳይጠፋ ቅጂ ያስወጣለት፤ ትዝታውን የሚያውቁ አዛውንቶችም በሕይወት ሳሉ ይቀረጹ።